ስትሪሚንግ እያለ የፊልም ዲስክ ለምን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መደርደሪያዬን አይቶ ዝም ያለ እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም። መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ አንዱን መዝዞ ጀርባውን ያነባል፣ ከዚያ «ቆይ፣ አንተ አሁንም ዲስክ ትገዛለህ እንዴ?» ይላል። ከዚያ የሚከተሉት ጥያቄዎችም ሁሌም ያው ናቸው። እየደጋገምኩ ማስረዳት ስለሰለቸኝ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ፊልም ስልኬ ላይ አለ። ዲስክ ምን ይጨምርልኛል?

«ሁሉም» ያላችሁት ሁሉም አይደለም፤ የዚህ ወር ነው። የስትሪሚንግ አገልግሎቶች (ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳዩት) አብዛኛውን ፊልም የሚያሳዩት ከባለመብቱ ለተወሰነ ጊዜ ፈቃድ ወስደው ነው። ውሉ ሲያልቅ ፊልሙ ይወርዳል። ምናልባት ሌላ አገልግሎት ላይ ይወጣል፣ ያኔ ሌላ ወርሃዊ ክፍያ መጣ ማለት ነው፤ ምናልባትም ለዓመታት የትም አይገኝም። የገዛ ራሳቸውን ሥራ እንኳ ያነሳሉ። በ2023 ዲዝኒ ፕላስ በርካታ የራሱን ፊልሞችና ተከታታዮች ከዝርዝሩ ሲያወጣ፣ «ክሬተር» የተባለው ፊልም ግንቦት ላይ ወጥቶ ሰኔ ላይ ጠፋ። ሰባት ሳምንት ብቻ!

ስትሪሚንግ ጠላቴ አይደለም። እኔም እከፍላለሁ። አዲስ ነገር ለመሞከር፣ ደክሞኝ ስገባ የሆነ ነገር ከፍቼ ለመጋደም የሚያህለው የለም። ዲስክ የምገዛው ደግሜ እንደማየው ለማውቀው፣ ወይም አንድ ቀን ፈልጌ ባጣው ለሚቆጨኝ ፊልም ነው። ለሌላው ኪራይ ይበቃዋል።

ግን እኮ ኪራይ ሳይሆን «ግዛ» የሚለውን ተጭኜ የከፈልኩባቸው ፊልሞች አሉኝ። እነሱም የኔ አይደሉም?

አይደሉም። በዚህ እኔም ተበልቻለሁ። አንድ የምወደውን የቆየ ፊልም በዲጂታል «ገዝቼ» ነበር፤ ሻጩን ስም አልጠራም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው ጋብዤ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ልከፍተው ስል ስሙ አለ፣ ፖስተሩ አለ፣ መክፈቻዋ ቁልፍ ግን ግራጫ ሆና አትነካም። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ በጣም ጨዋ ነው፣ ረጅምም ነው፣ ሲጨመቅ ግን የገዛኸው ፊልሙን ሳይሆን እኛ መብቱ እስካለን ድረስ የማየት ፈቃድ ነው ይላል። ያን ማታ ሌላ ፊልም አየን።

እኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2023 መጨረሻ ሶኒ በፕሌይስቴሽን የተሸጡ የዲስከቨሪ ፕሮግራሞችን ከገዢዎች ላይ ሊያነሳ መሆኑን አስታውቆ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበዛ ከሳምንታት በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥታለች። ሻጩ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር ዲጂታል ዕቃ ላይ «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይለጥፍ የሚል ነው። ሕግ እስኪወጣለት ድረስ ስንት ሰው ቃሉን አምኖ እንደከፈለ አስቡት።

ዲስክም ቢሆን የፊልሙ ባለመብት አያደርጋችሁም፣ አደባባይ ላይ ማሳየት አትችሉም። ግን ዲስኳን ማንም መጥቶ ከመደርደሪያችሁ አያነሳትም። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ራሱ በ2023 «ኦፐንሃይመር» በዲስክ ሊወጣ ሲል ሰዉ ገዝቶ ቤቱ እንዲያስቀምጥ ሲቀሰቅስ ነበር። 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ዲስክ ወዲያው ከብዙ መደብር ተሸጦ አለቀ።

ፊልሙ ከመስመር ላይ እስካልጠፋ ድረስ ግን ያው አንድ ፊልም ነው፣ አይደል?

ሁልጊዜ አይደለም። መስመር ላይ ያለ ፊልም ማታ ተቀይሮ ሊያድር ይችላል። በ2023 «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» የተባለውን የ1971 ፊልም በስትሪሚንግ የከፈቱ ተመልካቾች ዘረኛ ስድብ ያለበት ትዕይንት ተቆርጦ አገኙት፤ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ስድቡ ደስ የሚል ነገር አይደለም፣ ፊልሙ ግን ሰውየውን እንዲያ አድርጎ ነው የሣለው። የድሮ ተከታታይ ድራማዎች ላይ ደግሞ የሙዚቃ መብት ሲያልቅ ዘፈኑ በሌላ ይተካል። በእርግጥ አንዳንዱ ዲስክ ላይም ዘፈን ተቀይሮ ይወጣል። ልዩነቱ ከገዛችሁት በኋላ የሚቀየር ነገር አለመኖሩ ነው።

ጥራቱ የምር ይለያል ወይስ የሰብሳቢዎች ወሬ ነው?

እንደ ስክሪናችሁ ነው። ስልክ ላይ ምንም አይለይም። ትንሽ ቲቪ ላይ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ከብሉ ሬይ (ከዲቪዲ ቀጥሎ ከመጣው ዲስክ) ወደ 4ኬ ያለው ልዩነት ጭቅጭቅ አያዋጣም። ትልቅ ስክሪን ላይ፣ ያውም ጨለማ የበዛበት ፊልም ሲሆን፣ ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ነገሩ «4ኬ» የሚለው ጽሑፍ ላይ አይደለም፤ በየሰከንዱ ስንት መረጃ ይመጣል የሚለው ላይ ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚመክረው የኢንተርኔት ፍጥነት 15 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። 4ኬ ዲስክ በተጨናነቀ ትዕይንት ላይ ከ100 ሜጋቢት በላይ መድረስ ይችላል። ሁለቱም 3840 በ2160 ፒክስል ናቸው፣ አንዱ ግን በጣም ተጨምቆ የመጣ ነው። ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሠዋው ዓይን ቶሎ አያየውም የተባለው ነው፦ ጥላ፣ ጭስ፣ ዝናብ፣ የድሮ ፊልም ላይ ያለችው የምትርመሰመስ ግሬይን የሚሏት ነጥብ ነጥብ።

አንድ ማታ አንዱን ፊልም በሁለቱም ከፍቼ አወዳደርኩ። ሰውየው ሻማ ይዞ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ይሄዳል። በስትሪሚንጉ ከሻማው ዙሪያ ብርሃኑ እንደ ደረጃ ተከፋፍሎ ክብ ክብ ሠርቷል፣ ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ደግሞ ካሬ ካሬ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። በዲስኩ ብርሃኑ እየሳሳ ሄዶ ጨለማው ውስጥ ይቀልጣል፤ ግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ፊልሙን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ!

ድምፁስ?

ለኔ ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ላይ ነው ልዩነቱ የሚጎላው። የስትሪሚንግ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋቢት በሰከንድ በታች ተጨምቆ ነው የሚመጣው። ብሉ ሬይና 4ኬ ዲስክ ላይ ግን ዶልቢ ትሩኤችዲ ወይም ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ የሚሉት አለ፤ ስቱዲዮው ካዘጋጀው ድምፅ ምንም ሳይቀነስ የሚቀመጥበት ነው። የሰው ንግግር እየጠፋባችሁ ሪሞት ይዛችሁ ከፍ ዝቅ የምታደርጉ ከሆነ ደህና ስፒከርና ዲስክ አንድ ላይ ሞክሩ። ቲቪው ከራሱ ጋር በመጣችው ስፒከር ብቻ ከሆነ የምትሰሙት ይህን ክፍል እርሱት።

ዲቪዲ፣ ብሉ ሬይ፣ 4ኬ። ሁሉም ያው ክብ ነገር ናቸው፣ ምንድን ነው ልዩነታቸው?

ሦስቱም 12 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው። የሚለያዩት መረጃው ምን ያህል ተጠጋግቶ ተጽፏል በሚለው ነው። ዲቪዲ በቀይ ሌዘር ይነበባል፣ ብሉ ሬይ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ሰማያዊ ሌዘር። የሰማያዊው ሞገድ አጭር ስለሆነ ነጥቡ ይቀጥናል፤ በወፍራም ማርከርና በቀጭን እስክሪብቶ አንድ ገጽ ላይ እንደመጻፍ አድርጋችሁ ያዙት። ዲቪዲ (ጃፓን ውስጥ በ1996 የወጣው) በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት፣ በሁለት 8.5 ይይዛል። ብሉ ሬይ በ2006 መጣ፣ 25 ወይም 50 ጊጋባይት። 4ኬ ዲስክ በ2016፣ እስከ 100 ጊጋባይት።

ብሉ ሬይ ሲወጣ ኤችዲ ዲቪዲ የሚባል ተቀናቃኝ ነበረው። ቶሺባ በ2008 እጁን ሰጠ። ያንን መርጠው የሰበሰቡ ሰዎች አሁንም ሲያወሩት ያማቸዋል።

ዲቪዲ ግን ሞቷል፣ አይደል?

ምስሉ ለዛሬ ቲቪ ደካማ ነው፣ አልዋሽም። 720 በ480 ወይም 720 በ576 ፒክስል ነው፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ሆኖም ከዲቪዲ አልፈው የማያውቁ ፊልሞች ሞልተዋል። ዶክመንተሪዎች፣ የድሮ ተከታታዮች፣ ባለመብቱ ማን እንደሆነ የተምታታባቸው ትንንሽ ፊልሞች፣ እነዚህን ብሉ ሬይ ላይም ስትሪሚንግ ላይም ብትፈልጉ አታገኟቸውም። አንዳንዱን ሰው አልፎት የሚሄደው የዲቪዲ ክምር ውስጥ ነው ያገኘሁት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በፓል ሥርዓት (አውሮፓና ሌሎች ብዙ አገሮች በተጠቀሙበት የቲቪ ሥርዓት) የተዘጋጁ ዲቪዲዎች በሰከንድ 24 ፍሬም የነበረውን ፊልም በ25 ነው የሚያጫውቱት። ስለዚህ በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ያልቃል፣ የሰዎቹም ድምፅ በትንሹ ይቀጥናል። አንዴ ካወቃችሁት በኋላ ደግሞ ከጆሯችሁ አይወጣም። ይቅርታ!

ምን ዓይነት ማጫወቻ ልግዛ?

ወደ ኋላ ይሠራል፣ ወደ ፊት አይሠራም። 4ኬ ማጫወቻ ብሉ ሬይንም ዲቪዲንም ያጫውታል። ብሉ ሬይ ማጫወቻ 4ኬ አይነካም። ዲቪዲ ማጫወቻ ዲቪዲ ብቻ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ለመግዛት ከተነሳችሁ 4ኬውን ግዙና ተገላገሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቤት ያለውን የጌም መጫወቻ እዩት። ዲስክ መክተቻ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬ ዲስክ ያጫውታሉ፤ ኤክስቦክስ ዋን ኤስም ያጫውታል። ፕሌይስቴሽን 4 ግን፣ ፕሮ የሚባለውን ጨምሮ፣ ከብሉ ሬይ አያልፍም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው፤ 4ኬ ጌም ስለሚያሳይ 4ኬ ዲስክም የሚያነብ ይመስለዋል።

የአምራቾቹ ቁጥር እየቀነሰ ነው። ኦፖ በ2018 ተወ፣ ሳምሰንግ በ2019፣ ኤልጂ በ2024። የሚሠራ ጥሩ ማጫወቻ ያላችሁ አቧራ እንዳይበላው ጠብቁት።

«ይህ ዲስክ በዚህ አካባቢ አይሠራም» አለኝ። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፣ የሪጅን ኮድ ነው። ስቱዲዮዎቹ ፊልም በተለያየ ጊዜ በተለያየ አገር ስለሚያወጡ ዓለምን ከፋፍለው ቆልፈውታል። ዲቪዲ ከ1 እስከ 6 የሚደርስ ቁጥር አለው፤ 1 አሜሪካና ካናዳ ነው፣ 2 አውሮፓና ጃፓን። ብሉ ሬይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይላል፦ ኤ አሜሪካዎቹና ጃፓን፣ ቢ አውሮፓ፣ አፍሪካና አውስትራሊያ፣ ሲ ሩሲያ፣ ሕንድና ቻይና። 4ኬ ዲስክ ላይ ይህ ጣጣ የለም፣ የትም የተገዛው የትም ይሠራል። ግን አንድ መያዣ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ብሉ ሬይ ሊቆለፍ ይችላል፤ ተጨማሪ ቪዲዮዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሉት እዚያኛው ላይ ነው። ከሌላ አገር ከማዘዛችሁ በፊት የመያዣውን ጀርባ ፎቶ ጠይቁ።

ያገለገለ ዲስክ መግዛት ያዋጣኛል?

እኔ አብዛኛውን የምገዛው ያገለገለ ነው። ዲስኩን አውጥታችሁ ከመብራት ስር አዘንብሉትና የጭረቱን አቅጣጫ እዩ። ከመሐል ወደ ዳር የሄደ ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አያሳስብም፣ ማጫወቻው ይዘለዋል። ክቡን ተከትሎ የዞረ ጭረት ግን በተከታታይ ያለ መረጃ ስለሚጋርድ ፊልሙን ያቆመዋል። ቀጥሎ መሐል ላይ ያለውን ቀዳዳ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ከመያዣው በኃይል ሲነቀል የተሰነጠቀ ካለ ተዉት። ስንጥቅ ይሄዳል እንጂ አይቆምም።

ቅጂ የሆነውን ለመለየት ሆዱን እዩት። በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ብርማ ነው፣ ሁለት ንብርብር ከሆነ ወደ ወርቃማ ያደላል። ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ሰማያዊ ከሆነ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው። የከቨሩ ጽሑፍ የደበዘዘ፣ አንድ ዲስክ ላይ አሥር ፊልም ያለ ከሆነም ነገሩ ግልጽ ነው።

ዲስክ በራሱ ይበላሻል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ዲስኩ ውስጥ ሌዘሩን የሚመልስ ስስ የብረት ንብርብር አለ። ዲቪዲ ሁለት ስስ ፕላስቲክ ተጣብቆ ነው የሚሠራው፤ ማጣበቂያው ጥሩ ካልሆነ አየር ይገባና ብረቱን ይበላዋል። ሰብሳቢዎች «የዲስክ ብስባሴ» የምንለው ይህንን ነው። ዋርነር ብራዘርስ በ2000ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ አካባቢ ያሳተማቸው አንዳንድ ዲቪዲዎች ላይ ይህ በብዛት ታይቶ፣ ድርጅቱ በ2025 ችግሩን አምኖ ለመቀየር ተስማምቷል። እጃችሁ ላይ የዚያ ዘመን ዲስክ ካለ ዛሬውኑ ሞክሩት።

ስትሞክሩ መጀመሪያውን አምስት ደቂቃ አይታችሁ «ይሠራል» አትበሉ። ዲስክ መነበብ የሚጀምረው ከመሐሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ማጫወቻው ንብርብር በሚቀይርበት በፊልሙ አጋማሽ ላይ ወይም ወደ መጨረሻው ነው። እኔ ዲስኩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዙን ይዤ አምፖል ፊት አነሳዋለሁ። ጤነኛው በአብዛኛው ጭል ጭል የሚል እኩል ብርሃን ነው የሚያሳልፈው። አንዱን ሳነሳው እንደ ከዋክብት የተበተኑ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ብርሃኖች አየሁ። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቆመ። በሌላ በኩል ከ25 ዓመት በላይ የሆናቸው ዲቪዲዎቼ አሁንም እንደ አዲስ ይሄዳሉ።

እንዴት ላጽዳው? የት ላስቀምጠው?

በለስላሳ የመነጽር ጨርቅ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ አድርጋችሁ። እያዞራችሁ አትጥረጉ፤ ምክንያቱን ከላይ ጭረቱ ላይ ነግሬያችኋለሁ። ካልለቀቀ ንጹሕ ውኃና ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። የጥርስ ሳሙና የሚመክሩ ሰዎች አሉ። የጥርስ ሳሙና እኮ የሚያጸዳው ፍቆ ነው! ብሉ ሬይ ላይ መረጃው ያለው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ስለሆነ መፋቅ የሚባል ነገር አይሞከርም። ደግነቱ ብሉ ሬይ ጠንካራ መከላከያ ተቀብቶ ስለሚወጣ በቀላሉ አይጫርም። 4ኬ ዲስክ ግን በጣም ቅምጥል ነው፤ አንዲት የጣት አሻራ ፊልም ልታስቆም ትችላለች፣ አዲስ የገዛችሁት ቢቆምባችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ጥረጉት።

አቀማመጥ ቀላል ነው። እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ፀሐይ አይምታው፣ እርጥበት ካለበት ግድግዳ ይራቅ። ቦታ ጠቦኝ ብላችሁ መያዣውን ጥላችሁ ዲስኩን ብቻ በላስቲክ ኪስ የምትደረድሩ ሰዎች፣ ግዴታ ካልሆነ አታድርጉት። አንዳንዱ ላስቲክ ከጊዜ ብዛት ገጹ ላይ ጭጋግ ይተዋል። ከቨሩንም በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ ብገላገልስ?

ብዙ ሰብሳቢ ያደርገዋል። ሜክኤምኬቪ በሚባል ፕሮግራም ፊልሙን ከዲስኩ ያወጡታል፣ ጄሊፊን ወይም ፕሌክስ የሚባሉ ፕሮግራሞች ላይ ጭነው ቤት ውስጥ ካለው ቲቪ ሁሉ ያዩታል፤ የግል ኔትፍሊክስ በሉት። ሕጉን ግን እዩ፣ እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በ1998 የወጣው ሕግ የራሳችሁን ዲስክ ቢሆን እንኳ መቆለፊያውን መስበር ይከለክላል፤ ለግል ጥቅም መቅዳትን የሚፈቅዱ አገሮችም አሉ።

ቦታ ይበላል። አንድ ብሉ ሬይ ዳግም ሳይጨመቅ ከ25 እስከ 40 ጊጋባይት ቢወስድ ነው፣ 4ኬው ደግሞ ከ50 እስከ 90። 4 ቴራባይት ላይ 60 ያህል 4ኬ ፊልም ገባ ማለት ነው። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሲሞት አንዱን ፊልም ሳይሆን ስድሳውንም ይዞ ነው የሚሞት። ስለዚህ ገልብጣችሁ ዲስኩን ከሸጣችሁት ምንም አልሰበሰባችሁም።

4ኬ ከተባለ ሁሉ ይሻላል?

ኧረ በጭራሽ! በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸ የድሮ ሥራ ዋናው ኔጋቲቭ በጥንቃቄ ተስካን ሲደረግ ድንቅ ይሆናል፤ የ1960ዎቹ ፊልም ከትናንቱ የበለጠ ጥርት ብሎ ታገኙታላችሁ። በሌላ በኩል በዲጂታል የተሠሩ ብዙ ፊልሞች የመጨረሻ ቅጂያቸው 2ኬ (በስፋት የ4ኬ ግማሽ ያህል) ነበር፤ 4ኬ ዲስካቸው ከዚያ ተለጥጦ የወጣ ነው፣ ትርፉ በአብዛኛው ቀለሙ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግሬይኑን ጠርገው ፊቱን ሁሉ ሰም ያስመሰሉት ነው። ተዋናዩ ቆዳ የሌለው አሻንጉሊት ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን እትም ግምገማ አንብቡ፤ ፊልሙን ሳይሆን እትሙን።

ጥሩ እድሳት የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ አሳታሚዎች ናቸው። ክራይቴሪየን ከ1984 ጀምሮ፣ ያኔ ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቅ ሌዘር ዲስክ ነበር፣ ይህንን ሥራ ይዞታል። ከፊልሙ ጋር አብሮ የሚሄድ የባለሙያ ትረካም የተጀመረው በዚያው ዓመት ባወጣው የ«ኪንግ ኮንግ» ዲስክ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አሮው አለ። እነዚህ ሰዎች ዳይሬክተሩን፣ ካሜራማኑን፣ አንዳንዴ የስታንት ሠራተኛውን ሁላ ፈልገው ያናግራሉ። እኔ ፊልሙን ከጨረስኩ በኋላ ያንን ሳይ ነው የሚነጋው።

ዲስክ ማምረት ሊቆም ነው ይባላል። አሁን መጀመር ሞኝነት አይደለም?

ገበያው ጠቧል፣ ይህን መደበቅ አይቻልም። ኔትፍሊክስ በ1998 የጀመረውን ዲቪዲ በፖስታ የመላክ ሥራ ከ5 ቢሊዮን በላይ ዲስክ ልኮ በመስከረም 2023 ዘጋው። የአሜሪካው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ቤስት ባይ በ2024 ፊልም መሸጥ አቆመ። ሶኒ በ2025 ብሉ ሬይ ማምረት ሊያቆም ነው ተብሎ የተናፈሰው ግን ስህተት ነው፤ የቆመው ባዶው፣ ሰው ራሱ የሚቀዳበት ዲስክ ነው።

እኔ የሚመስለኝ እንደ ሸክላ ሙዚቃ ለሚወደው ሰው ብቻ የሚታተም ነገር እየሆነ ነው። እትሙ ያንሳል፣ ሥራው ይሻላል፣ ሲያልቅም አይደገምም። ደግሞ የቪዲዮ ካሴቱን፣ ቪኤችኤስን አስታውሱ። በ1976 ወጥቶ የመጨረሻው አምራች ፉናይ ማጫወቻውን መሥራት ያቆመው በ2016 ነው። 40 ዓመት! ካሴቱም ያኔ ከሰው ቤት ተጠራርጎ አልጠፋም።

ስንት ፊልም ይበቃል?

ቁጥር የለውም፣ ምልክት ግን አለው። ላስቲኩ ያልተቀደደ ዲስክ ከበዛባችሁ እየሰበሰባችሁ ያላችሁት ፊልም ሳይሆን ዕቃ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቆጥሬ 31 ያልተከፈተ ስላገኘሁ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ አዲስ ከመግዛቴ በፊት ከተዘጉት አንዱን ከፍቼ አያለሁ። የብረት መያዣ ያለው እትም ሲወጣ ሕጉ ትንሽ ይላላል። ያንኑ ፊልም በዲቪዲ፣ በብሉ ሬይ፣ ደግሞ በ4ኬ መግዛት የሚባል በሽታም አለ፤ ለአምስት ስድስት ፊልም ይዞኛል፣ ለሌላው በብሉ ሬዩ ረግቻለሁ።

ለጀማሪ የምለው፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ወረቀት ላይ ደግማችሁ ያያችኋቸውን አሥር ፊልሞች በቃላችሁ ጻፉ። ሳትፈልጉ ትዝ ያላችሁን ብቻ። ከዚያ ጀምሩ።

ጓደኛዬ ተዋሰኝ ቢለኝስ?

አውሱት። በሌላ ሰው የይለፍ ቃል እንደመግባት አይደለም፣ ማንም አያግዳችሁም፤ የዲስክ አንዱ ደስታም ይኸው ነው። ግን መዝግቡ። አንዱ ወዳጄ ከስምንት ወር በኋላ አመስግኖ መለሰልኝ፣ እኔም ተቀብዬ መደርደሪያ ላይ ሰካሁት። አንድ ቀን ልየው ብዬ ስከፍተው ባዶ ነው፤ ዲስኩ እሱ ማጫወቻ ውስጥ ቀርቷል። ስደውል ማጫወቻውን ሸጦታል። አሁን ዲስክ ሲመለስልኝ እንግዳው ጫማውን ሳያደርግ እዚያው በሩ ላይ ከፍቼ አያለሁ።